ሞተር ሲታመም ይናገራል



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ከፍልስፍና መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ከቤታችን እስከ መሥሪያ ቤታችን ስንመላለስ በየቀኑ የምንሰማው፥ ነገር ግን የማናዳምጠው ነገር ነው፤ ይኸውም የመኪና ሞተር ድምፅ ነው። መስማትና ማዳመጥ የተለያዩ ናቸው። ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ የሚያዳምጥ ግን የሰማውን ነገር «ከየት መጣ? መቼ ጀመረ? ምን ይፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኔ ይህን ልዩነት የተማርሁት በትምህርት ቤት ሳይሆን በእንጦጦ ዳገት ላይ፥ ያውም ከእናቴ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ አወጋችኋለሁ።

በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገቡ። ከነዚህም አንዷ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውንና ወንዙን ተሻግሮ ያመጣት ሲድሌይ የምትባለው መኪና ነበረች። በዚያ ዘመን የከተማው ሕዝብ ያለ በቅሎና ያለ ፈረስ የሚሄደውን ነገር በመገረም ይመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ልብሳችንን ያህል የተለመደ ሆኗል። የመኪና ቋንቋ ግን ገና አልተለመደም። ጋራዥ ብንገባ ባለሙያዎቹ ካንዴላ፥ ቺንጋ፥ ኩሽኔታ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታ እያሉ ሲነጋገሩ እንሰማለን። እነዚህ ቃላት ከኢጣልያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው፤ ዛሬ ከቄራ እስከ ኮተቤ ያለ መካኒክ ሁሉ እንደ አማርኛ ቃል ይናገራቸዋል። ባለመኪናው ግን ብዙ ጊዜ ከመካከላቸው ቆሞ፥ የራሱን ንብረት ሕመም እንደ እንግዳ ሰው ያዳምጣል።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። መኖሪያዬ የካ ውስጥ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ያለችኝ መኪና ከደመወዜ እየቆጠብሁ የገዛኋት፥ ዕድሜዋ የገፋ፥ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ባትሪዋ ስለ ደከመ ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ አቆማት ነበር፤ ጠዋት አልነሣም ብትል በቁልቁለቱ ተንደርድራ እንድትነሣ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋትም በዚያው በቆመችበት የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣለሁ፥ እጠርገዋለሁ፥ መልሼ ከትቼ አያለሁ። ዘይቱም ሁልጊዜ እምልክቱ ላይ ነው። በዚህም እኔ ከጎረቤቶቼ ሁሉ የተሻልሁ ጠንቃቃ ባለመኪና እንደ ሆንሁ አምን ነበር።

አንድ ሰሞን ከቀበና ወደ ቤቴ ስወጣ ከሞተሩ ውስጥ «ዷ፥ ዷ፥ ዷ» የሚል ዝግ ያለ ድምፅ መስማት ጀመርሁ። ሜዳ ላይ ስደርስ ይጠፋል፤ ዳገት ስጀምር ይመለሳል። በመጀመሪያ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው ክሪክ ነው ብዬ ክሪኩን በጨርቅ ጠቀለልሁት። ድምፁ አልተወም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ ቫልቮላ ነው፤ የእኔም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» ስላለኝ ገንዘብ ከፍዬ ቫልቮላ አስተካከልሁ። ድምፁ አሁንም አልተወም። ሌላው ደግሞ «ቤንዚኑ ነው» ስላለኝ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል መድኃኒት ገዝቼ ጨመርሁ። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ የመኪናዋን ራዲዮ ከፍ አድርጌ መንዳት ጀመርሁ። ራዲዮን ከፍ አድርጎ መስማት መልካም ነገር ነው፤ የሞተርን ጩኸት ለማፈን ሲሆን ግን ራዲዮ መድኃኒት ሳይሆን መጋረጃ ይሆናል።

ከዕለታት አንድ ቀን፥ እሑድ ጠዋት፥ እናቴን ወደ እንጦጦ ማርያም ይዤ ወጣሁ። በስድስት ኪሎ አድርገን ሽሮ ሜዳን አልፈን፥ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ስንደርስ እናቴ እጇን ዘርግታ ራዲዮኑን ዝቅ አደረገችና፦

«ልጄ፥ ይህ ነገር ምን ይላል?» አለችኝ።

«እማዬ፥ አይስጉ፤ መንገዱ ነው» አልኋት።

እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ «መንገድ አይደለም። በልጅነቴ ስፈጭ፥ እህሉ ሲያልቅ ድንጋይ ድንጋይን ሲነካ ድምፁ እንዲህ ይለወጥ ነበር። መካከሉ ባዶ የሆነ ነገር አለ። አቁም» አለችኝ።

እኔም የተማርሁ ሰው ነኝና በልቤ ሣቅሁ። ነገር ግን ከፊቴ ያለው ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። አቆምሁ፤ ሞተሩንም አጠፋሁ። ጭራሮ ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች በቀር በአካባቢው ሰው አልነበረም።

በዚያን ጊዜ የመጣልኝ ሐሳብ ሞተሩን እንዳጠፋሁ መኪናዋን በቁልቁለቱ እየለቀቅሁ ወደ ሽሮ ሜዳ መመለስ ነበር። ስልክ የደወልሁላቸው ሽማግሌ መካኒክ ግን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ልጄ፥ ሞተር ከጠፋ የፍሬኑ ረዳት ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል። እናትህን ይዘህ እንጦጦን በጠፋ ሞተር ልትወርድ ነው? እዚያው ቆይ» አሉኝ። እኔም የእጅ ፍሬኑን ስቤ፥ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጌ ጠበቅኋቸው።

መካኒኩ እንደ ደረሱ መክደኛውን አልከፈቱም። በመጀመሪያ ጠየቁኝ። «ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው? ሲነሣ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዳገት ላይ? ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ በፊት ምን ተሠርቶለት ነበር?» እያሉ እንደ ሐኪም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። መልሴን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አመጡ።

«ዘይት የምትለካው የት አቁመህ ነው?»

«ከቤቴ በር ላይ፥ ጋሼ።»

«በርህ ሜዳ ነው ወይስ ቁልቁለት?»

እኔም ዝም አልሁ። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። የእኔ መኪና የዘይት መለኪያዋ ከሞተሩ ፊት በኩል ነው። አፍንጫዋ ወደ ታች ሆኖ ስትቆም ከታች ባለው ቋት ውስጥ ያለው ዘይት ሁሉ ወደ ፊት ይጠራቀማል። ስለዚህ መለኪያው ዘንግ ዘይቱ ሲጎድልም ሙሉ ነው ይል ነበር። ዘንጉ አልዋሸም፤ እኔ ሐሰተኛ ምስክር እንዲሆን አድርጌ አቆምሁት እንጂ። መካኒኩ መኪናዋን አስጎትተው ደልዳላ ቦታ ላይ ካደረሷት በኋላ ሲለኩት የዘንጉ ጫፍ እንኳ ደኅና አድርጎ አልረጠበም። ያረጀው ሞተር ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ ሲያቃጥለውና ሲያንጠባጥበው ወራት አልፈው ነበር።

ድምፁ ዳገት ላይ ብቻ የሚመጣበትም ምክንያት ከዚሁ የተያያዘ ነው። የዘይቱ ፓምፕ መምጠጫ አፍም ፊት በኩል ነበር። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ስትወጣ የቀረው ጥቂት ዘይት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፓምፑም በዘይት ፈንታ አየር ይመጥጣል። በዚያው ጊዜ ሞተሩ ከሁሉ የሚበልጥ ሸክም ተሸክሞ ይወጣል። ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፥ በጋራዥ ቋንቋ ቢዬላ የሚባለው፥ ዘንጉን በሚጨብጥበት ቦታ ላይ ስስ የብረት ልባስ አለ። በልባሱና በዘንጉ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ነገር ግን ብረት ብረትን እንዳይነካ የሚያደርገው እርሱ ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ ልባሱ ይበላል፤ ክፍተት ይፈጠራል፤ በእያንዳንዱ ግፊት ክንዱ ዘንጉን ይመታል። እናቴ «መካከሉ ባዶ የሆነ ነገር አለ» ያለችው በትክክል ይህ ነበር።

ሞተሩ ሲፈታ ልባሶቹ ተበልተው ተገኙ፤ ዋናው ዘንግ ግን ከመቆረጥ ድኖ ነበር። ልባሶቹ ተለወጡ፤ ዘይት የሚያንጠባጥበው ቦታም ተጠገነ። የሁለት ወር ደመወዜ ሄደ። መካኒኩም «ማርያም ድረስ ብትወጣ ኖሮ ክንዱ ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳ ነበር፤ ያን ጊዜ ጥገና የለም፤ ሌላ ሞተር ነው» አሉኝ። ይህን ሁሉ ያመጣው ጥቂት ሊትር ዘይት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ያለ ምክንያት አልነበረም።

አድማጮቼ፤ ታሪኬን ያወራኋችሁ ለወግ ብቻ አይደለም። ሦስት ጊዜ የተሳሳትሁት እውቀት ስላልነበረኝ ብቻ ሳይሆን ሳልጠይቅ ስለ ፈረድሁ ነው። ስለዚህ እንግዳ ድምፅ የሰማ ሰው ለራሱ ሊያቀርባቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ድምፁ የሞተሩ ነው ወይስ የመንገዱ? መኪናውን አቁማችሁ፥ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ፥ ሞተሩን ቀስ ብላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ድምፁ አብሮ ከተከተለ የሞተሩ ነው። መኪናው ቆሞ ድምፁ ከጠፋ ጎማን፥ የእግር ኩሽኔታን፥ ፍሬንን ወይም የማርሽ ሳጥንን መጠርጠር ይገባል። ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚመጣ ወይም የሚጠፋ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ምንጩ በፍሪሲዮኑና በማርሽ ሳጥኑ አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መቼ? ጠዋት በብርድ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅና ሲሞቅ የሚብስ ድምፅ አንድ አይደሉም። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ስለዚህ የተበላ ልባስ ከሞቀ በኋላ ይብስበታል። በአንጻሩ የተበላ ፒስተን በብርድ ጊዜ ያንኳኳና ሲሞቅ፥ ብረቱ ሲሰፋ፥ ዝም ሊል ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ምን ይመስላል? ስለታም ፉጨት ወይም ጩኸት፥ ይልቁንም በዝናብ ጠዋት የሚመጣ፥ ብዙ ጊዜ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው። የማያቋርጥ ጉርምርምታ ከሞተሩ ፊት ከሆነ የዲናሞ ወይም የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። «ጭስ፥ ጭስ» የሚለው ከማርሚታው መሥመር የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ይህን ከመርዝ ጋር አንድ አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ወደ መኪናው ውስጥ ከገባ ሰው ይገድላልና። ቀጭንና ፈጣን «ጠቅ፥ ጠቅ» ከላይ በኩል ከሆነ ቫልቮላ ነው። ወፍራምና ከሥር የሚመጣ «ዷ፥ ዷ» ከሆነ ግን ወዲያው አቁሙ።

እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ አንድ ነገር አለ። የተለመደው የመኪና ሞተር አንድ ሥራ የሚፈጽመው በሁለት ዙር ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር አንድ ቫልቮላ የሚከፈተው 400 ጊዜ ብቻ ነው። የቫልቮላ ጠቅታ ከሞተሩ ዙር በግማሽ የዘገየ ነው፤ ከዋናው ዘንግ የሚመጣው ንኳኳታ ግን ብዙውን ጊዜ ከዙሩ ጋር እኩል ይሄዳል። የለመደ መካኒክ ይህን ሳይቆጥር በጆሮው ያውቀዋል።

አራተኛው ጥያቄ፦ ከየት? ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1816 ዓ.ም. ወረቀት ጠቅልሎ ከበሽተኛ ደረት ላይ በማድረግ ልብን አዳምጦ ነበር፤ የሐኪሞች ማዳመጫ የተወለደው ከዚያ ነው። የእኛም መካኒኮች በዚሁ ጥበብ የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ ከሞተሩ አካል ላይ፥ እጀታውን ከጆሯቸው አጥንት ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ብረት ድምፅን ከአየር ይልቅ አጥርቶ ያመጣልና ካቻቢቴው ወደ ምንጩ ሲቀርብ ድምፁ ይጎላል። ይህን የምትሞክሩ ሁሉ ግን ከማራገቢያውና ከቺንጋው ራቁ። ይልቁንም እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ክራባታችንን ሳንፈታ ወደሚዞር ሞተር ጐንበስ ማለት አይገባንም፤ ቺንጋ ባለሥልጣንና ተራ ሠራተኛ አይለይም።

ስለ ከተማችን ከፍታም አንድ ቃል ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ፥ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በከተማችን ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በእንጦጦም ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ አየርን ያለ ልዩ ረዳት የሚስብ ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። እንጦጦ ላይ መኪናችሁ ስለ ደከመ ብቻ ታመመ አትበሉ፤ አየሩ ነው። ውሃም በከተማችን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር መክደኛ ግፊት የሚይዘው ይህንኑ ለማካካስ ነውና መክደኛው ያረጀበት መኪና ዳገት ላይ ቶሎ ያፈላል። የፈላን ራዲያተር ግን ሳይበርድ መክፈት ፊትን ለእሳት መስጠት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ድምፅ አለ። መኪና ሲጫን ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚንኮሻኮሽ ያለ ድምፅ ቢሰማ፥ ቤንዚኑ በሥርዓት ከመንደድ ይልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በአንድ ጊዜ እየፈነዳ መሆኑን ያመለክታል። የሚገርመው፥ ቀጭን አየር ይህን ሕመም ይቀንሰዋል። ስለዚህ አሮጌ መኪናን ለአዲስ አበባ አየር ብለው እሳቱን አስቀድሞ እንዲነሣ ያስተካከሉለት እንደ ሆነ፥ እዚህ ደኅና የነበረው ሞተር ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ አዋሽ ሲወርድ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ውስጥ ግን ይህን ሰምቶ እሳቱን የሚያዘገይ መሣሪያ አለ።

አንዳንዶቻችሁ «የሞተር ዘመን እያለፈ ነው፤ ይህ ትምህርት ምን ይጠቅማል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቋል። ነገር ግን አዲስ የቤንዚን መኪና አለመግባቱ በእጃችን ያለውን አሮጌውን ይበልጥ እንድንጠብቀው ያስገድደናል እንጂ እንድንረሳው አያደርገንም። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ቢሆን ጎማና ኩሽኔታ አለውና ጆሮ ከሥራ አይሰናበትም።

ስለዚህ ምክሬን በአጭሩ ልደምድም። ዘይትን ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ፥ በደልዳላ ቦታ ለኩ፤ እኛ የየካና የጉለሌ ዳገት ነዋሪዎች ይልቁንም ይህን አንርሳ። ቀይ የዘይት መብራት ሲበራ «ቤት ልድረስ» አትበሉ፤ አቁሙ። ድምፁ ጋራዥ ስትደርሱ ዝም የሚል ከሆነ በስልካችሁ ቅዱት፤ የመጣበትንም ሰዓትና ቦታ ጻፉ። መካኒክ ፊት ስትቆሙ «ቫልቮላ ነው» ብላችሁ ፍርድ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሰማችሁትን ብቻ መስክሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ በሽታውን በግምት የሰየመም መድኃኒቱን በከንቱ ይገዛል።

እናቴ አሁንም አብራኝ ስትሄድ ዳገት ስንጀምር ራዲዮኑን ዝቅ ታደርገዋለች። እኔም ከእንግዲህ አልሥቅም፤ አብሬአት አዳምጣለሁ።